ይኼ ገና አልተጣራም

የሞታቸው ወሬ የደረሰኝ በዕድራችን የስልክ ግሩፕ ነው። «ወንድማችን አቶ መኩሪያ በላቸው ለሕክምና በሄዱበት አዲስ አበባ ከዚህ ዓለም ድካም አርፈዋል» ይላል፤ ከሥሩ ሻማ፣ ከሻማው ሥር ደግሞ የሚያለቅሱ ቢጫ ፊቶች ተደርድረዋል። እኔ አላለቀስኩም። መጀመሪያ ያደረግኩት እሳቸው ቢያዩኝ የሚኮሩበትን ነገር ነው፤ ጠረጠርኩ። የተጻፈው ስምና የአባት ስም ብቻ ነው። የአያት ስም የለም። አዲስ አበባን በሚያህል ከተማ መኩሪያ በላቸው የሚባል ስንት ሰው ይኖራል? ከካምፓላ ለሕክምና የሄዱት መኩሪያ አንድ ብቻ መሆናቸውን እያወቅኩ ነው እንግዲህ እንዲህ የምለው።

«አንድ ሰው ሲያወራው ወሬ ነው፤ ሁለተኛው ሲደግመው ያው ወሬ ነው፤ ከሁለቱ ያልሰማ ሦስተኛ ሰው ካገኘሽ ያኔ ቁጭ ብለሽ አስቢበት» ይሉኝ ነበር ጋሽ መኩሪያ። ስለዚህ ደወልኩ። የዕድሩ ጸሐፊ ግሩፑ ላይ እንዳነበበው ነገረኝ፤ ግሩፑ ላይ የጻፈው ማን እንደሆነ ስጠይቀው «እኔ ነኝ» አለ። የቤት አከራያችን ደግሞ የሰማው ከጸሐፊው ነው። በሦስተኛው አዲስ አበባ ያሉት እህታቸው ጋ ደወልኩ። «አቤት» ሲሉ ድምፃቸው ውስጥ ሁሉንም ሰማሁት፤ መጠየቅም አላስፈለገኝም። ያኔ የፀጉር ማድረቂያውን ፎን አጥፍቼ፣ ደንበኛዬን ፀጉሯ እንደረጠበ ትቼ፣ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ጋሽ መኩሪያን ለማያውቅ ሰው ምን ነበሩ ብዬ ላስረዳ? የኢንተርኔት ቤት ባለቤት ነበሩ ብል ውሸት ነው፤ ያላቸው አንድ ኮምፒዩተር ነው፣ እሱንም ማንንም አያስነኩም። ሥራቸው መፈለግ ነበር። ካምዎክያ ሰፈር፣ ከገበያው ጀርባ፣ ከኔ ፀጉር ቤት በኮምፔርሳቶ ብቻ የተለየች ጠባብ ክፍል ተከራይተው፣ በሩ ላይ በአማርኛ «ፍለጋ» ብለው አስጻፉ፤ ከሥሩም በእንግሊዝኛ እንደዚያው። በመጀመሪያው ወር የመጡት ፍየል የጠፋባቸው፣ ቦዳ የሚሉት የታክሲ ሞተር የተሰረቀባቸውና አንዲት ባሏ የጠፋባት የአገሩ ሴት ነበሩ። ጋሽ መኩሪያ ማንንም በክፉ አልመለሱም። ሴትየዋን ብቻ «ይፈለግ ወይስ ይቅር? መጀመሪያ እሱን ወስኚ» አሏት። አሰብ አድርጋ፣ ፈገግ ብላ ሄደች፤ ሁለተኛም አልመጣችም።

አዲስ አበባ ሳሉ ዕድሜያቸውን የጨረሱት በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ነው። «ፋይል አይጠፋም» ይሉ ነበር፤ «ሰው ነው ፋይሉ በማያውቀው ስም እየጠራው የሚደክመው።» ጡረታ ሲወጡ ኪኩቦ ገበያ የሚነግድ የወንድማቸው ልጅ ጋ ለሦስት ወር ብለው መጡ። የወንድማቸው ልጅ ወደ ሌላ አገር ሄደ፣ እሳቸው ቀሩ። ለምን እንደቀሩ ስጠይቃቸው «ካምፓላ ሰው ሁሉ ይቸኩላል፤ ለኔ ሥራ ጥሩ አገር ነው» አሉኝ።

አሠራራቸውን ብታዩ ቅዳሴ የሚገቡ ነው የሚመስሉት። እጃቸውን ይታጠባሉ፣ ባርኔጣቸውን ያወልቃሉ፣ መነጽራቸውን በሸሚዛቸው ጫፍ ይወለውላሉ። ከዚያ ያንን ሆዱ የወጣ አሮጌ እስክሪን ያበሩታል። ዓለም ሁሉ ስስ እስክሪን ሲገዛ እሳቸው «ከሲታ ነገር አላምንም» ብለው በሱ ጸኑ። እስክሪኑ ሞቆ እስኪበራ ድረስ ጠንካራ ልባስ ያለው ጥቁር መዝገባቸውን ይገልጣሉ። ገጹ በቀይ እስክሪብቶ አራት ቦታ ተከፍሏል፦ ጠያቂ፣ ጥያቄ፣ የተገኘ፣ ቀሪ። እዚያ ላይ ሳይጻፍ ምንም አይፈለግም።

የኢንተርኔቱን መፈለጊያ «አጅሬ» ነበር የሚሉት። «አጅሬ አላውቅም ማለት አያውቅም፤ አላውቅም የማይል ሰው ደግሞ ይፈራል» ይሉ ነበር። ከላይ ተደርድረው የሚመጡትን መልሶች አያምኑም። «ሰርግ ቤት ከፊት ወንበር የተቀመጠ ሁሉ የሙሽራው ዘመድ ይመስልሻል? ቀድሞ መጥቶ ነው፤ ወይ ከፍሎ ነው።» በቅርቡ ደግሞ አጅሬ ማንም ሳይጠይቀው ከላይ ማጠቃለያ መጻፍ ሲጀምር ጋሽ መኩሪያ ተናደዱ። «ይኼንን ሰውዬ አውቀዋለሁ» አሉ፤ «ፋይሉን ሳያይ የሚፈርም ኃላፊ ነው። እንዲህ ያሉ ሦስት አልፈውብኛል።»

ሰው ሁሉ ስልክ ኪሱ ውስጥ እያለ እሳቸው ጋ ምን ያመጣዋል ትሉ ይሆናል። ስልኩ ላይ ጠይቆ ጠይቆ ራሱ ከዞረበት በኋላ ነዋ የሚመጣው። አንድ ጊዜ አቶ ኃይሉ፣ ኪኩቦ ፌስታል በጅምላ የሚሸጠው፣ ከፌስታል ማሸጊያ ማሽኑ የወለቀ ብረት በጨርቅ ጠቅልሎ መጣ። ሁለት ቀን ሙሉ ስልኩ ላይ «ማሽኔ ለምን አይሠራም» እያለ ሲጽፍ ነው የከረመው።

«አጅሬ ያንተን ማሽን የት ያውቃታል?» አሉት ጋሽ መኩሪያ። «አብሮ አደጉ ናት? ያንተን ጥያቄ አትጻፍ። መልሱን የጻፈው ሰውዬ ምን ብሎ ይጽፋል? እሱን አስብ።»

«እኔ ምን አውቃለሁ ጋሼ፣ ብረት ነው።»

«እሱም ብረት ብሎ አይጽፍም፤ ቁጥር ነው የሚጽፈው።» በኮምፔርሳቶው ማዶ ሆነው የጥፍር ሞረድ እንዳቀብላቸው ጠየቁኝ። ዝገቱን ሞርደው ሞርደው ከሥሩ ስምንት አሃዝ አወጡ። ቁጥሩን ሲጽፉት ያ ብረት ከነፎቶው፣ ከነሚሸጥበት ቦታ ቁጭ አለ። የሚሸጠው ናካዋ ሰፈር ነበር፤ ኃይሉ በየቀኑ በታክሲ የሚያልፍበት መንገድ ላይ። የጥፍር ሞረዴ ግን ከዚያ ወዲያ ለጥፍር አልሆነችም።

አንድ ነገር ግን በፍጹም አይፈልጉም፤ በሽታ። «ደረቴን ያቃጥለኛል፣ ምን እንደሆነ እስቲ ጋሼ» ያለ ሰው ከበር ነው የሚመለሰው። «አጅሬን ስለ ሕመም ከጠየቅከው ለቀብር ነው የሚያዘጋጅህ። ክሊኒኩ ማዶ ነው፣ ዶክተሯም አፍ አላት፤ ሂድና እሷን ጠይቅ።» ይኼን ሁሉ ሰው ያባረሩ ሰውዬ የራሳቸውን ሕመም ግን ማዶ ተሻግረው ለመጠየቅ ብዙ ዘገዩ። በዚህ ዛሬም እናደድባቸዋለሁ።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ፤ ይኼን ሁሉ የጻፍኩት እሱን ለማዘግየት ነው።

ጋሽ መኩሪያ ያገኙትን ሁሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያነቡ ነበር። መዝገብ ቤት ሳሉ ለአለቃቸው ሲያነቡ የለመዱት ነው። ኮምፔርሳቶው ደግሞ ስስ ነው። እኔ ደግሞ ፀጉር ሠሪ ነኝ፤ የፀጉር ቤት ጆሮ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ሹሩባ እየሠራሁ የካምፓላን አበሻ ጉዳይ በሙሉ እሰማለሁ። ማን የሥራ ማስታወቂያ እንደፈለገ፣ ማን የቀድሞ እጮኛውን በስም እያስፈለገ እንደሆነ፣ ሁሉም እኔ ጋ ነው።

ከአራት ዓመት በፊት፣ ከፋሲካ በኋላ ባለው ሳምንት፣ እትዬ አሰገደች መጣች። እትዬ አሰገደች ከታች አስፋልቱ ዳር ያለው ምግብ ቤት ባለቤት ናት፤ ድስቷን የማያውቅ አበሻ የለም፣ ቁጣዋንም እንደዚያው። አንድ ሴት ልጅ አለቻት፣ ሰናይት፤ መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው። ሰናይትን ናካዋ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥ ዮናስ ታደሰ የሚባል ልጅ ወዷት፣ እሷም ወዳው፣ ሽማግሌ ተልኮ፣ እናትየዋ «ሁለት ሳምንት ስጡኝ» ብላለች። አገር ቤት ቢሆን ኖሮ በዚህ ሁለት ሳምንት ሰው ወደ ልጁ አገር ይላካል፤ ጎረቤት ይጠየቃል፣ ዘር ይቆጠራል፣ በምን በምን ይታማ እንደሆነ ይሰማል። ካምፓላ ላይ ማን ይላካል? እትዬ አሰገደች የልጁን ስም በወረቀት ጽፋ ጋሽ መኩሪያ ጋ አመጣችው።

«አያቱስ?» ሲሉ ሰማሁ።

«ልጄን የሚያገባው እሱ ነው እንጂ አያቱ ናቸው እንዴ?»

«አሰገደች፣ ዮናስ ታደሰ ማለት ገበያ መሃል "አንተ ልጅ!" ብሎ መጥራት ነው። ሁሉም ይዞራል።»

«እርስዎ ብቻ ይፈልጉልኝ። ከነገ ወዲያ እመጣለሁ» ብላ ሄደች። ምግብ ቤቷ ገበታ የሚጠብቅ ሰው ነበራት።

በዚያው ከሰዓት እጃቸውን ሲታጠቡ ሰማሁ። መዝገቡ ሲገለጥ ሰማሁ። እኔ ገነት የምትባል ደንበኛዬን ሹሩባ ጀምሬላት ግማሽ ላይ ደርሻለሁ። ጋሽ መኩሪያ ማንበብ ጀመሩ፤ ናይሮቢ ያሉ አበሾች የማኅበር ገጽ ላይ ያገኙት ነው። «የመለዋወጫ ነጋዴው ወንድማችን ዮናስ ታደሰ ከባለቤቱ ጋር ሦስተኛ ልጁን ክርስትና ስላስነሳ እንኳን ደስ ያለህ እንላለን…» ዮናስ ካምፓላ ከመምጣቱ በፊት ሁለት ዓመት ናይሮቢ መሥራቱን ሁላችንም እናውቃለን። እጄ ገነት ራስ ላይ ቆመ። ጋሽ መኩሪያ ቀጥለው ሌላ ነገር አሉ፤ ግን ልክ ያን ጊዜ ረዳቴ በዚያኛው ወንበር ላይ ፎኑን አስነሳችው። የሰማሁት ግማሹን ነው፤ ያወራሁት ግን ሙሉውን።

«ለማንም እንዳትነግሪ» አልኳት ገነትን።

«ምን በወጣኝ!» አለች። ከዚያ ሹሩባዋ ሳያልቅ፣ ግማሽ ራሷ እንደተንጨባረረ፣ «መጣሁ» ብላ ስልኳን ይዛ ደጅ ወጣች።

በማግስቱ ቀትር ላይ ልጆቹ አራት ሆነዋል። ወሬው ናካዋ ሲደርስ ሚስቶቹ ሁለት ሆኑ፣ ሁለተኛዋም እርጉዝ ነች ተባለ። እትዬ አሰገደች ከጋሽ መኩሪያ አፍ ከመስማቷ በፊት ከደንበኞቿ ሰማች። ሽማግሌዎቹን ጠርታ፣ ምግብ ቤቷ መሃል ቆማ፣ «ልጄን ሦስተኛ ሚስት አድርጌ አልድርም፤ ሁለተኛ ደጄን እንዳትረግጡ» አለቻቸው። ሽማግሌዎቹ ባርኔጣቸውን አንሥተው ወጡ። ዕድሜ ልካቸውን እንዲህ ያለ ነገር ደርሶባቸው አያውቅም።

ሰናይት ከሁለት ቀን በኋላ እኔ ጋ መጣች። ዓይኗ አብጧል። ወንበሩ ላይ ተቀመጠችና ያንን እስከ ወገቧ የሚወርድ ፀጉሯን ወደ ፊት አምጥታ «ቁረጪልኝ» አለችኝ።

«ጫፉን?»

«ሁሉንም። ለማን ብዬ ነው?»

መቀሱን አነሣሁ፤ እጄ ግን እምቢ አለኝ። ሦስት ጣት የማያህል ጫፍ ቆረጥኩና ቀሪውን አጥቤ፣ አበጥሬ፣ አስሬ ሰደድኳት። ስታለቅስ ቆየች። እኔም መስተዋቱ ውስጥ እንዳታየኝ ጎንበስ ብዬ ፀጉር ጠረግኩ። የዚያን ቀን ያልተናገርኩትን ነገር ስንት ዓመት እንደተሸከምኩት አሁን ነው የሚገባኝ።

እሷ ከወጣች ግማሽ ሰዓት አይሞላም፣ ጋሽ መኩሪያ ያስጠሩት ዮናስ መጣ። አልተቀመጠም፤ ሲናገር ድምፁ ከበሩ አጠገብ ነበር የሚመጣው።

«ጋሼ፣ የሌለኝን ሚስት ከየት ነው ያገኙልኝ?»

«አያትህ ማን ይባላሉ?»

«ወልደጊዮርጊስ።»

ጋሽ መኩሪያ በረጅሙ ተነፈሱ። «ይኼን ከሦስት ቀን በፊት ብትነግረኝ ኖሮ…»

«ማን ጠየቀኝ ጋሼ? አገር ምድሩ ስለኔ ሲጠያየቅ እኔን የጠየቀኝ ሰው አለ?»

ጋሽ መኩሪያ ኮምፒዩተራቸውን አጠፉና ስልካቸውን አነሡ። ከማኅበሩ ገጽ ላይ የጸሐፊውን ቁጥር ወስደው ናይሮቢ ደወሉ፤ ጸሐፊው ለአንድ ዲያቆን ሰጣቸው፣ ዲያቆኑ ለዚያኛው ዮናስ። በስፒከር ነው የሚያወሩት። ያኛው ዮናስ አምሳ ዓመት ያለፈው ሰው ነው፤ አያቱ ሀብቴ ይባላሉ፤ ካምፓላን ረግጦ አያውቅም።

«ኧረ በፈጠራችሁ!» አለ። «ያለችኝ አንዷም አልቻለችኝ፤ ሌላ ሚስት የምትጨምሩብኝ ምን አድርጌያችሁ ነው?»

ከኋላው አንዲት ሴት «ማን ነው? የምን ሚስት?» ስትል ተሰማና ስልኩ ተዘጋ። ጋሽ መኩሪያ ሦስት ጊዜ መልሰው ደወሉ፤ አላነሣም። ለዚያ ቤት ሰላም ዛሬም እጸልያለሁ።

እንግዲህ ነገሩ ጠራ፤ ግን አልተቃናም። እትዬ አሰገደች በስልክ ሲነገራት «እሺ፣ ሌላ ሰው ነው። ታዲያ አሁን እኔ ነኝ ሄጄ ተመለሱልኝ የምለው? በካምፓላ ፊት?» አለች። ሽማግሌዎቹም «ተባረን ስንጠራ የምንመለስ ውሻ አይደለንም» አሉ። ሰናይትና ዮናስ መሃል ላይ ቀሩ።

በማግስቱ ጠዋት ጋሽ መኩሪያ በራቸው ላይ ቆመው ሻያቸውን እየጠጡ «ሁለቱም ወገን መታረቅ ይፈልጋል፤ የጠፋው ጥፋተኛ ነው» አሉኝ። «ጥፋተኛ ከተገኘ ሁሉም ይታረቃል።»

«ታዲያ… ማን ይሆን?» አልኩ።

«መፈለግ ሥራዬ አይደለም እንዴ?» ብለው ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። «አግኝቼዋለሁ። እኔ ነኝ።»

«ጋሼ፣ እኔ እኮ…» ብዬ ጀመርኩ። እውነቴን ነው፣ ልናገር ነበር።

«አንቺ ደግሞ ደንበኛሽን ካስክ ውስጥ ረስተሽ ነው የምትቆሚው? ራሷ ተቃጠለ እኮ!» አሉኝ። ሮጬ ገባሁ። ካስኩ ውስጥ ማንም አልነበረም።

አገር ቤት ትልቅ በደል የበደለ ሰው ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ ከተበዳዩ ደጅ ይቆማል። ተበዳዩ «ይቅር ለእግዜር፣ ጣለው» እስኪል ድረስ ድንጋዩ አይወርድም። ጋሽ መኩሪያ ከግቢያችን ጥግ አንድ ደህና ድንጋይ አንሥተው ካዩት በኋላ መልሰው አስቀመጡት። «ይኼ ምን በደለ?» አሉ። ገብተው ያንን ሆዳም እስክሪን ነቅለው፣ አዝለው ወጡ። አሥራ አምስት ኪሎ ቢያንስ ነው። አንገታቸው ሥር ነጠላቸውን አጣጥፈው ደገፉት፣ ገመዱ በጀርባቸው ተንጠለጠለ። አንድ ቦዳ ጠሩ።

«ሙዜ፣ አባባ፣ ቲቪ ነው?» አላቸው ልጁ በእንግሊዝኛ።

«ኃጢአቴ ነው።»

ልጁ ከላይ እስከ ታች አያቸው። «ይከብዳል እንግዲህ። የሁለት ሰው ሂሳብ ነው የምቀበለው።»

እኔም ሌላ ቦዳ ይዤ ተከተልኳቸው፤ ሱቄን ለማን ትቼ እንደሄድኩ እንኳ አላስታውስም። ምግብ ቤቱ የምሳ ሰዓት ስለሆነ ጢም ብሏል። ጋሽ መኩሪያ በሩ ላይ ቆሙ፣ ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ። «አሰገደች፣ ሳላጣራ ከኔ ቤት ወሬ ወጥቶ ልጅሽን አስለቅሷል፣ የሰው ልጅ አሰድቧል፣ ሽማግሌ አሳፍሯል። በድያለሁ፣ ይቅር በይኝ» አሉ። ሰው ሁሉ ጉርሻውን ይዞ ቀረ። ሮሌክስ የሚሉትን በቂጣ የተጠቀለለ እንቁላል ሊገዛ የሚያልፍ ሰው ሳይቀር ቆሞ ስልኩን አውጥቶ መቅረጽ ጀመረ።

እትዬ አሰገደች እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ አየቻቸው። ቆየች። የጋሽ መኩሪያ ላብ ከግንባራቸው በአፍንጫቸው ሲወርድ አየሁ፤ «እኔ ነኝ!» ልል አፌን ከፈትኩ። ልክ ያን ጊዜ እትዬ አሰገደች ዞር ብላ ከኋላቸው አየች፤ ገመዱ ከነመሰኪያው እንደ ጅራት ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል።

«ጋሼ» አለች፣ «ሶኬት ላምጣልዎት?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እሷም ሳቀች፣ ስትስቅ ደግሞ አለቀሰች፤ «ይቅር ለእግዜር! ያውርዱት፣ ወገብዎ!» እያለች ሮጠች። ቀድሟት የደረሰው ዮናስ ነበር፤ ለካ ከኔ ኋላ ቆሟል። እስክሪኑን ከጫንቃቸው ተቀብሎ ሲያወርደው እናትየዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን ቀና ብላ አየችው። «ና ግባ፣ ቁጭ በል፤ ምሳ በልተሃል?» አለችው። በእትዬ አሰገደች ቤት ከዚህ በላይ እሺታ የለም። ሽማግሌዎቹ በሳምንቱ ተመለሱ።

የሰርጉ መጥሪያ ላይ «ዮናስ ታደሰ ወልደጊዮርጊስ» ተብሎ ነው የታተመው፤ አያቱ በወፍራም ቀለም። ከዚያ ወዲህ ካምዎክያ ውስጥ ሦስት ስም የሌለው የሰርግ መጥሪያ አይቼ አላውቅም።

እስክሪኑ ግን ከዚያ ቀን በኋላ መላ ቀለሙ ወደ ቀይ ሄደ። ምናልባት ተንገጫግጮ ነው። አስጠግኑት ሲባሉ «ተዉት፣ አፍሮ ነው» ይሉ ነበር። አንድ አዲስ ልማድም አመጡ፤ ያገኙትን አንብበው ሲጨርሱ፣ ከወትሮው ጮክ ብለው፣ «ይኼ ገና አልተጣራም!» ይላሉ። ለራሳቸው የሚናገሩ ነበር የሚመስለኝ። እንዲያውም ለደንበኞቼ «ጋሼ እያረጁ ነው» ብዬ አውቃለሁ።

ባለፈው ሳምንት አከራያችን ክፍሏ እንድትለቀቅ ጠየቀኝ። እህታቸው በስልክ «ልብሱን ለሚቸገር ስጪ፣ መዝገቡን ላኪልኝ፣ ሌላውን አንቺ እንዳሻሽ» አሉኝ። መዝገቡን ከመላኬ በፊት ገለጥኩት። የት ገጽ እንደምሄድ አውቀው ነበር። የእትዬ አሰገደች ጥያቄ እዚያው አለ፤ «የተገኘ» በሚለው ሥር «አንድ ዮናስ ታደሰ፣ ናይሮቢ፣ ባለትዳር። ይኼ ገና አልተጣራም፤ አያቱ ይጠየቁ» ይላል፤ ፎኑ የዋጠብኝ ግማሽ ነው። ከሱ በታች፣ በዚያው ሳምንት፣ ሌላ መስመር ነበር።

ጠያቂ፦ እኔው ራሴ።

ጥያቄ፦ የዮናስ ወሬ ከዚህ ክፍል እንዴት ወጣ?

የተገኘ፦ ፍለጋ አላስፈለገም። ግድግዳው ስስ ነው።

ቀሪ፦ የትርሲት ተራ። አይቸኮልም።

ትርሲት እኔ ነኝ። ባዶ ክፍል ውስጥ ቆሜ ሳቅኩ፣ ከዚያ ሳቁ ሳያልቅ አለቀስኩ። አራት ዓመት ሙሉ በዚያ ኮምፔርሳቶ በኩል «ገና አልተጣራም» ሲሉ የኖሩት ለኔ ነው፤ እኔ ደግሞ አረጁ ስል። አንድ ቀን እንኳ ፊታቸውን አላጠቆሩብኝም። እስክናገር ጠበቁኝ፤ ሳልናገር ሄዱ።

መዝገቡን ከድኜ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። እስክሪኑን አነሣሁት። ሰው እንዴት ይኼን ተሸክሞ ያን ያህል ቆመ ብዬ ገረመኝ። ጋሽ መኩሪያ የገመዱን ጉዳይ አላሰቡበትም ነበር፤ እኔ ግን አስቤበታለሁ፣ እትዬ አሰገደች እንዳትስቅልኝ ጠቅልዬ በእጄ ያዝኩት። ደጅ ወጥቼ ቦዳ ጠራሁ።

«ንያቦ፣ እመቤት፣ ቲቪ ነው?» አለኝ።

«ኃጢአቴ ነው» አልኩት።

ምግብ ቤቱ በምሳ ተመጋቢ ተሞልቷል። ሰናይት ባንኮኒው ጀርባ ሴት ልጇን ታጎርሳለች፤ ፀጉሯ አሁንም እስከ ወገቧ ነው። እትዬ አሰገደች እጇን በሽርጧ እየጠረገች ወጣች። እስክሪኑን አየችው፣ እኔን አየችኝ፤ ሳቅ ሊመጣባት ሲል ገመዱን ፈልጋ አጣችው።

«ምነው ትርሲት?»

«እትዬ» አልኩ፣ «ያኔ ወሬውን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ይኼ ተጣርቷል።»